ለመምጫህ ቀን የሠራሁት ቋሊማ

ውድ የቤቴ ሰው፣

ይህን ደብዳቤ ይዞልህ የሚመጣው ውሃ የሚያመላልሰው ባለጀልባ ነው። ከውሃ፣ ከመድኃኒትና ወኪሉ ከሚልክልህ ስንቅ ሌላ ምንም እንዳይጭን ተከልክሏል። ወረቀትም ክልክል ይሁን አይሁን አልጠየቅሁም። በዚህ ሳምንት የጠየቅሁት ሁሉ "አይቻልም" ሆኖ ስለተመለሰልኝ፣ ይህን እንኳ ሳልጠይቅ ልሞክረው ብዬ ነው። ባለጀልባው ከሸሚዙ ሥር ሊከተው ተስማምቷል። "እኔም ሚስት አለችኝ" አለኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም።

እኔ ደህና ነኝ። እናትህም ደህና ናቸው። ቅዳሜ ዕለት በስልክ ከኋላ ስትሰማው የነበረው ጫጫታና ሳቅ ምን እንደነበረ የሚነግርህ ሰው ስለሌለ እሱን ልጽፍልህ ነው የተቀመጥኩት። ያለ አንተ ደስ ብሎን የከረምን እንዳይመስልህ።

ጠዋት ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ከሆቴሉ ፈቃድ ወስጃለሁ። የልብስ ማጠቢያው ኃላፊ፣ ያ ሳቅ የማያውቀው ሰውዬ፣ "ባልሽ ከባሕር ሊገባ ነው አሉ፤ በይ ሂጂ" ብሎ ራሱ ነው የሸኘኝ። መጋረጃዎቹን አጥቤ መልሼ ሰቅያለሁ። ሸሚዞችህን ኮሌታቸው ቀጥ እስኪል ተኩሼ ቁም ሳጥን ውስጥ ደርድሬያለሁ። አንተ ወደ ምሳ ሰዓት ትወርዳለህ፣ ገላህን ትታጠባለህ፣ ጋደም ትላለህ፣ ከዚያ እንግዶቹ ይመጣሉ ብዬ ነበር ያቀድኩት።

ምን ልሥራለት ብዬ ብዙም አልተጨነቅሁም። ከሩቅ ወደብ ገዝተህ የላክልኝን የኤሌክትሪክ ድስት አወጣኋት። "ዘገምተኛዋ" ያልናትን፤ ሌላው ድስት ሲንተከተክ እሷ ግማሽ ቀን ሙሉ የምታንቀላፋዋን። መርከበኞቹ ሲደሰቱ የምትሠራላቸውን ጣፋጭ ቋሊማ በስልክ እያስረዳኸኝ ስንት ጊዜ ሞክሬ ስንት ጊዜ እንዳበላሸሁት ታውቃለህ። "ክዳኑን አትክፈቺ እንጂ! ተዪው፣ ራሱ ይበስላል" ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሆዴ አይችልም፤ ካላየሁት የበሰለ አይመስለኝም።

ያን ቀን ግን ጨክኜ እንደነገርከኝ አደረግሁ። ጣት ጣት የሚያካክሉትን ቋሊማዎች በመጥበሻ ቡናማ እስኪሉ አገላበጥኳቸው። የኮክ ማርማላታውን ከካቻፕና ከሰናፍጭ ጋር መታሁት፤ ኮምጣጤ ጠብ አደረግሁበት፣ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፌ፣ ቁንዶ በርበሬ ነስንሼ ከላይ አፈሰስኩባቸው። ስኳር ጨምሪ ያልከውን ግን ቀነስ አድርጌዋለሁ። የእናትህን ስኳር ፈርቼ ነው።

እናትህ ያው እንደምታውቃቸው ገና በማለዳው ከተፍ ብለዋል። ወንበር ስበው ከድስቷ አጠገብ ተቀመጡና ማርማላታውን ሲያዩ ዐይናቸውን አፈጠጡ።

"አንቺ ልጅ፣ ይሄ ዳቦ ላይ የሚቀባው አይደለም እንዴ?"

"ነው እማማ።"

"ታዲያ ሥጋ ላይ ምን ይሠራል?"

"ልጅዎ ነው እንዲህ የሚሠራው። መርከብ ላይ ይወዱለታል።"

"ባሕር ላይ ያለ ሰው ምን ምርጫ አለው" አሉና ክዳኑን ከፈት አድርገው አሸተቱ።

"እማማ፣ አይክፈቱት! እንፋሎቱ ይወጣል።"

"እሺ፣ እሺ።"

ፊቴን ሳዞር ይከፍቱታል። መለስ ስል ክዳኑ ላይ እጃቸውን ጭነው ምንም እንዳላደረገ ሰው ያዩኛል። በመጨረሻ ሳቅ አመለጠኝ፤ እሳቸውም ሳቁ። "ልጄ ሊገባ ነው፤ ታዲያ እጄን የት ላድርገው?" አሉኝ። አብረን ስንሥቅ ነው ስልኩ የጠራው።

ወደቡ ደርሰህ መስሎኝ በእርጥብ እጄ አነሳሁት።

"የመርከቧ ምግብ አብሳይ ባለቤት ነዎት?" አለ አንድ ወጣት ድምፅ። ከወኪሉ ቢሮ ነው።

"አዎ ነኝ! ወረዱ እንዴ?"

ወረቀት ሲያገላብጥ ተሰማኝ። 

"እሳቸው ዛሬ አይወርዱም" አለ። "የመርከቧ ባለቤት የገባበት ጠፍቷል። ፍርድ ቤት መርከቧን አግዷታል። ካፒቴኑም ታምሞ ቀድሞ ሄዷል። ሌሎቹን ሠራተኞች ወደየአገራቸው እንሸኛለን፤ የእርስዎ ባለቤት ግን ይቆያሉ።"

"ለምን እሱ? እሱ እኮ አገሩ ነው! ቤቱ እዚህ ነው! መርከቧ ከጣሪያችን ትታየኛለች!"

"ችግሩ እሱ ነው" አለ፣ እያፈረ። "የእግዱ ወረቀት መርከቧ ላይ ሲደርስ የአገሩን ቋንቋ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ተቀብለው ፈረሙ። የፈረመ ሰው ደግሞ በሕግ የመርከቧ ተጠሪ ነው። ሌላ ሰው እስኪተካ ወይ ጉዳዩ እስኪያልቅ ጥለዋት መውረድ አይችሉም።"

"መቼ ነው የሚያልቀው?"

"እሱን እኔም አላውቅም፣ እህቴ።"

እስከዚያ ድረስ "እርስዎ" ሲለኝ ነበር። "እህቴ" ያለኝ የሚለው ሲጠፋው ነው። ልጮህበት አፌን ከፍቼ ተውኩት። እሱ ምን ያድርግ? የታዘዘውን ነው የነገረኝ።

እናትህ "እሱ ነው? የት ደረሰ?" አሉኝ።  "ትንሽ ይዘገያል" ነው ያልኳቸው።  ድስቷ ከጎኔ ቀስ እያለች ትንፈቀፈቃለች፤ የማርማላታውና የሥጋው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። የተጠራውን ሰው ሁሉ እየደወልኩ "አትምጡ" ልል አሰብኩ። ግን ምን ብዬ? ባሌ መጥቷል ግን አልመጣም ልበል? ይህን ሳወጣ ሳወርድ ታላቅ ወንድምህ የለስላሳ ሳጥን በትከሻው ተሸክሞ እያፏጨ ደረጃውን ሲወጣ ሰማሁት። ሮጬ ወጥቼ ደረጃው ላይ ነገርኩት።

ሳጥኑን አላወረደም። እንደተሸከመ ቆሞ ሰማኝ። ሲጨርስ፣ "እንሂድ" አለ።

"የት?"

"ወደቡ በር። ቢያንስ ይህን ምግብ እናድርስለት። ምን አለበት? ምግብ እኮ ነው።"

በያጅ መሆኑን ታውቃለህ፤ ብረት ሁሉ በእሳት የሚታዘዝለት ሰው ሕግም ትንሽ ብታሞቀው የሚታጠፍ ይመስለዋል። እኔም ባላምንበትም ተከተልኩት። ገና ከድስቷ የጨለፍኩትን፣ መረቁ የሚንጠባጠበውን ቋሊማ በባለክዳን ዕቃ ሞልቼ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣ ስቴኪኒውን እንኳ ሳልረሳ ይዤ ወጣሁ። ስቴኪኒ ለምን እንደያዝኩ አትጠይቀኝ። ብቻህን ሆነህ በጣትህ ትበላው የለ።

በሩ ላይ ያገኘናት ዘበኛ ሴት ናት፤ በእኔ ዕድሜ ትሆናለች። ክፉ ሰው አይደለችም። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ወንድምህ አስረዳት። እሷም አዳመጠችው፤ በመሀል አላቋረጠችውም።

"ይገባኛል ወንድሜ" አለች። "ግን የታገደች መርከብ ናት። ከወኪሉ በቀር ማንም ምንም አያስገባም፣ አያስወጣም።"

"ቋሊማ እኮ ነው! መርዝ መሰለሽ? እስቲ ቅመሽው!"

የቀልዱን ነበር። እሷ ግን ዙሪያዋን አየችና ከእጄ ላይ በስቴኪኒ አንዷን አንሥታ ቀመሰች። ዐይኗን ጨፈን አደረገች።

"ይጣፍጣል" አለችኝ፤ እኔን ነው ያየችው። "በጣም ይጣፍጣል። እጅሽ ይባረክ። ግን አይቻልም እህቴ። እኔንም ያባርሩኛል።"

ወንድምህ ያን ጊዜ ያደረገውን ልንገርህና አንተ እንዳትነግረው። ቆቡን አወለቀ። ሲለምን አይቼው አላውቅም፤ አንተም ያየኸው አይመስለኝም። "እባክሽ፣ ታናሼ ነው" አላት። እሷም ዐይኗ እንባ ሞላና ወደ ጥበቃ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። እዚያው ቆመን ቀረን። የዕቃው ሙቀት በፎጣው አልፎ ደረቴን ያቃጥለኛል። ከፊታችን የብረቱ በር፣ ከበሩ ወዲያ ውሃው፣ ከውሃው ወዲያ አንተ። ዋናተኛ ቢሆን ምሳ ሳይደርስ ደርሶ የሚመለስበት ርቀት ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ቤቱ በሰው ሞልቷል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ፣ "ሞተር" የምትላት፣ እኛ በሌለንበት በሩን ከፍታ እንግዳ ታስገባለች፣ ታስቀምጣለች፣ ሙዚቃ ከፍታለች፣ ቋሊማውንም በሳህን አውጥታ ማዞር ጀምራለች። ሁሉም መንገድ ተዘጋግቶብህ የዘገየህ መስሏቸዋል። ወንድምህ ሙዚቃውን ቀነሰና ነገሩን በሁለት ዐረፍተ ነገር ነገራቸው።  እንሂድ ቢሉ ጥለውን መሄድ ይሆናል፤ እንቀመጥ ቢሉ ምን ብለው ይቀመጣሉ? ማንም ምን እንደሚደረግ አላወቀም። ስለዚህ በሉ። ሰው ሲጨንቀው እጁ የደረሰበትን ነገር ያነሣል። ዝም ብለው በስቴኪኒ እየወጉ በሉ። ደግሞ ጣፈጣቸው! "ይሄ ነገር ምንድን ነው የገባበት?" አለች አንዷ ጎረቤት ቀስ ብላ፤ ቀስ ብዬ ነገርኳት። ማርማላታ ስላት አፏን በእጇ ያዘች፤ ሌላዋም ሳቀች። እንዲህ እንዲህ እያለ ነው ጫጫታው የተመለሰው። አልፈረድኩባቸውም። እኔም ከንፈሬ ላይ ሳቅ ነበር፤ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

እናትህን ፈልጌ ሳጣ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ወንድምህ ለእንግዶቹ ሲናገር ሰምተው ኖሮ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ቆመው መርከቧን ያያሉ።

"ያችትና!" አሉኝ ስደርስ። "እዚህ ድረስ መጥቶ ቤቱ ለመግባት ምን ያቅተዋል? ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲዋኝ ያደገ ልጅ ነው!"

"ሕግ ነው እማማ። ቢወርድ ያስሩታል።"

"የምን ሕግ? እኔ ነኝ የወለድኩት!" አሉ፤ ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ተቀይሞኝ ይሆን?"

"ኧረ በፍጹም! ለምን ይቀየምዎታል?"

"ታዲያ ለምን አይመጣም?"

 አሁንም አልገባቸውም። ነፋሱ ሲዞር መርከቧ ከመልህቋ ላይ ተሽከርክራ ጀርባዋን ስትሰጠን፣ "ይኸው፣ ፊቱን አዞረብኝ" ይላሉ። ክንዳቸውን ይዤ አወረድኳቸው፤ ሶፋው ላይ ከስልኬ አጠገብ አስቀመጥኳቸው።

አንተ የደወልከው ያን ጊዜ ነው።

እኔ ድስቷ ውስጥ የቀረውን እየጨለፍኩ ጓዳ ነበርኩ። "እሱ ነው! እሱ ነው!" የሚለውን ጩኸት ሰምቼ ስወጣ ስልኩ እናትህ ጆሮ ላይ ነበር። ባትሪህ ሊያልቅ እንደሆነ፣ ጄኔሬተሩም እንደማይነሣ ነግረሃቸው ነበር አይደል? እሳቸው ግን ባትሪ ምን እንደሆነ አያውቁም። መረቁህ፣ ተቆጡህ፣ እንደገና መረቁህ። "ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ምግብም እንደ ልብ ነው" ብለሃቸዋል። ከእሳቸው ወንድምህ ተቀበለ። ያ ደረጃው ላይ ምንም ሳይል ቆሞ የሰማኝ ሰው፣ ያ በሩ ላይ ቆቡን ያወለቀ ሰው፣ ስልኩን ሲይዝ ቀልድ ብቻ ሆነ። "አንተ፣ አንድ መርከብ ሙሉ ለብቻህ! እኛ በኪራይ ቤት እንገፋፋለን!" አለህ። አንተም ስትሥቅ ተሰማኝ። እሱ ግን ስልኩ ከእጁ እስኪወጣ ድረስ ጀርባውን ለሰው አዙሮ ነበር፤ ፊቱን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ከዚያ ሞተር ከእጁ ነጠቀችው። እኔ እየጠበቅሁ ነው። እንግዳ ይቅደም ብዬ ነው እንጂ ስልኩ የራሴ ነበር። የቤቱ እመቤት ሆኜ፣ በሰው ፊት፣ ባሌን አምጡልኝ ብዬ እጄን ልዘረጋ አፈርኩ። እሷ ደግሞ ያው ናት፣ ከተነሣች አትቆምም፤ ስለ አይዞህ፣ ስለ ጠንክር፣ ስለ ቋሊማው፣ ስለ ዘበኛዋ። በመጨረሻ "ኧረ ሚስትህ ቆማለች!" አለችና ሰጠችኝ። እጄ በማርማላታው ተጣብቆ ስለነበር በሽርጤ ጠረግ አድርጌ ተቀበልኳት።

"ሀሎ" አልኩ።

"አንቺ..." አልክ።

ከዚያ ጸጥ አለ።

ደግሜ "ሀሎ" አልኩ። ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት፤ መለስኩት። ቤቱ በሙሉ ወደ እኔ ያያል። "ምን አለሽ?" አሉኝ። እናትህ ደግሞ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ።

"ደህና ነኝ አለኝ" አልኳቸው።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሞተር ጓዳ ገብታ ሳህን ስታጥብ አገኘኋት። ታለቅሳለች። "ባትሪውን እኔ ነኝ የጨረስኩብሽ" አለችኝ። ምንም አይደለም እያልኩ እኔ ነኝ ያባበልኳት። ጠላሁሽ እንዳልላት ከጠዋት ጀምሮ እንግዳዬን ስታስተናግድልኝ የዋለች እሷ ናት።

እሑድ ሌሎቹ መርከበኞች ወረዱ። በጀልባ ሲመጡ ከጣሪያው አየኋቸው። ወደቡ ላይ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወደ አውቶቡስ ሲገቡ አንድ በአንድ ቁመታቸውን አየሁ፤ ባታውቅ ነው እንጂ ከመሀላቸው ትኖር ይሆናል ብዬ እስከ መጨረሻው ሰው ድረስ ተስፋ አልቆረጥኩም ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከዚያ መርከብ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ አንተ ነህ ማለት ነው። ይህም አንድ መጽናኛ ነው። መብራት አታበራም፤ ነዳጁ ማለቁ ገብቶኛል።

ወኪሉ ቢሮ ሄድኩ፤ ፍርድ ቤት ሂጂ አሉኝ። ፍርድ ቤት ሄድኩ፤ የወደቡ አስተዳደር ሌላ ተጠሪ ካቀረበ ዳኛው ያየዋል አሉኝ። የወደቡ አስተዳደር ሄድኩ፤ ተጠሪ የሚያቀርበው የመርከቧ ባለቤት ነው አሉኝ። ባለቤቱ የት ነው ብዬ ስጠይቅ ሁሉም ትከሻቸውን ነው የሚነቀንቁት። "እኔን ተኩኝ፤ እኔ ልውጣና እሱ ይውረድ" አልኳቸው። አንዱ ሹም የምቀልድ መስሎት ሳቀ። አልቀለድኩም። ሁሉም ወንበር ስበው ያስቀምጡኛል፣ ሁሉም ያዝኑልኛል፣ ውሃ እንኳ የሰጠችኝ አለች። የምጣላው ሰው አጣሁ። የሚጮኹበት ሰው ማጣት እንዴት እንደሚያደክም አሁን ነው ያወቅሁት።

ትናንት ልብስ ሳሰጣ አየሁህ። የመርከቧ መደገፊያ ብረት ላይ ሸሚዝ ስትሰቅል። ከትከሻው ነው የሰቀልከው፤ እንደዚያ ሲደርቅ ቅርጹ ይበላሻል፣ ገልብጠህ በታችኛው ጠርዙ ስቀለው። እጄን አነሣሁልህ። አየኸኝ ይሆን? ከዚያ ርቀት እዚህ ጣሪያ ላይ የተሰጣ አንሶላና እኔ አንድ ነን። ለአንድ መርከብ ሰው ሙሉ ስታበስል የኖርክ ሰው፣ አሁን ለአንድ አፍ ምን ታበስላለህ? ለእናትህ "እንደ ልብ ነው" ያልከውን እኔ አላመንኩም። ለእኔ እውነቱን ጻፍልኝ። ባለጀልባው ይቀበልሃል።

ወንድምህ አይዞህ በዪው ብሎኛል። ሞተር ጠንክር በዪው፣ ሳምንት አይሞላም በዪው ብላኛለች። እናትህ አልተቀየምኩትም፣ እሱም አይቀየመኝ በዪው ብለዋል። አድርሻለሁ። እኔም ጥሩ ነገር ልጽፍልህ፣ ላበረታህ ብዬ ነበር የተቀመጥኩት፤ እዚህ ስደርስ ግን አልቻልኩም። ስልኩ ሳይዘጋ ልልህ የነበረው ሌላ ነው። እንደማትችል አውቃለሁ። ማለቱ ምንም እንደማይረባ፣ አንተንም ከማሳመም በቀር የሚያደርገው ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። ቢሆንም ሳምንቱን ሙሉ ልብስ ሳጥብም ሳሰጣም አብሮኝ ስለዋለ ልጽፈው ነው።

ና።

ባለቤትህ